ከቻርጅና ከመጠን ባሻገር፦ የአዮናዊ ውህዶችን የመቅለጫ ነጥብ ስለማወዳደር የቀረበ ዳሰሳ

ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ ነው። ሦስት አራት አዮናዊ ውህዶች ይሰጡና «የመቅለጫ ነጥባቸውን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ደርድር» ይባላል። የመልሱ መንገድም የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ የአዮኖቹን ቻርጅ እይ፤ ቻርጁ እኩል ከሆነ መጠናቸውን እይ። ቻርጅ ሲበዛ መሳሳቡ ይበረታል፤ አዮን ሲያንስ ጎረቤቱን ይቀርባል፤ አጥብቆ የተሳሳበ ክሪስታል ደግሞ በቀላሉ አይቀልጥም። በዚህ ሕግ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ከገበታ ጨው፣ ሶዲየም ፍሎራይድም ከሶዲየም አዮዳይድ ይበልጣል። ሁለቱም ትክክል ነው።

ይኸው ሕግ ግን ማግኒዚየም ክሎራይድ ከሶዲየም ክሎራይድ ዘግይቶ እንደሚቀልጥም ይፈርዳል። የማግኒዚየም አዮን ቻርጁ ሁለት፣ የሶዲየም አንድ ነው፤ በመጠንም ማግኒዚየም ያንሳል። በሁለቱም መስፈርት ያሸነፈው ማግኒዚየም ክሎራይድ ታዲያ በ714 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀልጥ፣ ተሸናፊው ጨው እስከ 801 ዲግሪ ይዘልቃል። ተማሪው ሕጉን አልሳተም፤ ሕጉ ነው ያሳተው።

ጉዳዩ የአንድ ውህድ ብቻ ቢሆን «ልዩ ሁኔታ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ልዩ የተባሉት ሲሰበሰቡ ብዙ ናቸው፤ የራሳቸው ሥርዓትም አላቸው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ አጭር ነው። የተለመደው ሕግ የሚመለከተው ጠጣሩን ብቻ ነው፤ የመቅለጫ ነጥብ ግን በጠጣሩና በፈሳሹ መካከል ያለ ሚዛን ነው። ከቀለጠ በኋላ ያለውን ያላየ ንጽጽር፣ ልክ ሆኖ ቢገኝም በአጋጣሚ ነው።

ሕጉ የሚያዋጣበት ሜዳ

በመጀመሪያ ለሕጉ የሚገባውን ክብር እንስጥ። የቻርጅን ሚና ለብቻው ነጥሎ ማየት የፈለገ ሰው ከሶዲየም ፍሎራይድና ከካልሲየም ኦክሳይድ የተሻለ ጥንድ አያገኝም። ሁለቱም የገበታ ጨው ዓይነት ክሪስታል አላቸው፤ እያንዳንዱ አዮን በስድስት ተቃራኒ አዮኖች ተከብቧል። በጎረቤታሞቹ አዮኖች ማዕከላት መካከል ያለው ርቀት በሶዲየም ፍሎራይድ 231፣ በካልሲየም ኦክሳይድ 240 ፒኮሜትር ገደማ ነው። መዋቅሩ አንድ፣ ርቀቱም ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው በ993፣ ሁለተኛው በ2,600 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣሉ። ልዩነቱን የፈጠረው ቻርጅ ነው፤ አንድ በአንድ የነበረው የቻርጅ ብዜት ሁለት በሁለት ሲሆን መሳሳቡ አራት እጥፍ ይሆናል።

የመጠን ሚናም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሶዲየምን ይዘን አናዮኑን (ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለውን አዮን) ብቻ ብንለዋውጥ ፍሎራይዱ 993፣ ክሎራይዱ 801፣ ብሮማይዱ 747፣ አዮዳይዱ 661 ዲግሪ ላይ ይቀልጣሉ። አናዮኑ እየተለቀ፣ ርቀቱ እየሰፋ፣ የመቅለጫ ነጥቡም እየወረደ ይሄዳል። ኦክሳይዶቹም እንደዚያው ናቸው፤ ማግኒዚየም ኦክሳይድ 2,850 ገደማ ሲሆን ካልሲየም፣ ስትሮንቲየምና ባሪየም ኦክሳይድ በቅደም ተከተል ከእርሱ በታች ይወርዳሉ። ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች ምድጃቸውን በማግኒዚያ (በማግኒዚየም ኦክሳይድ) ጡብ የሚለብጡት ለዚህ ነው፤ የቀለጠ ብረት 1,600 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ጡቡ ከራሱ የመቅለጫ ነጥብ ከሺ ዲግሪ በላይ ይርቃል።

እዚህም ላይ ግን አንድ ምልክት አለ። መሳሳቡ አራት እጥፍ ሆነ አልን። የመቅለጫ ነጥቡ በኬልቪን ሲሰላ ከ1,266 ወደ 2,900 ገደማ ነው የሄደው፤ ሁለት እጥፍ ከሩብ ብቻ። አቅጣጫው ልክ ነው፤ መጠኑ ግን አልተከተለም።

የሊቲየም ጉዳይ

ሕጉ መጀመሪያ የሚንገዳገደው በራሱ ግቢ፣ በአልካሊ ሃላይዶች ውስጥ ነው። ሊቲየም ከሶዲየም ያነሰ አዮን ስለሆነ የሊቲየም ጨዎች ሁሉ ከሶዲየም ጨዎች ዘግይተው መቅለጥ ነበረባቸው። አንዱም አይዘገይም። ሊቲየም ፍሎራይድ 848፣ ክሎራይዱ 605፣ ብሮማይዱ 552፣ አዮዳይዱ 469 ዲግሪ ገደማ ነው። ከላይ ከሰፈሩት የሶዲየም ቁጥሮች ጋር ሲተያዩ ሁሉም ከ140 ዲግሪ በላይ ያንሳሉ። በአዮዳይዶች ነገሩ አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ የፖታሲየም አዮዳይድ 681 የሶዲየሙን 661 ይበልጣል።

ኬሚስቱ ላይነስ ፖውሊንግ በ1928 የአዮኖች አንጻራዊ መጠን በውህዶች ጠባይ ላይ ስላለው ተጽእኖ ሲጽፍ ይህን ጉዳይ አንስቶ ነበር። መፍትሔው ጂኦሜትሪ ነው፤ በወረቀት ላይ ማስላትም ይቻላል። በሊቲየም አዮዳይድ ክሪስታል ውስጥ በሊቲየሙና በአዮዳይዱ መካከል ያለው ርቀት 300 ፒኮሜትር ገደማ ነው። በገበታ ጨው ዓይነት መዋቅር ሁለት ጎረቤታሞች አዮዳይዶች የሚራራቁት ይህ ርቀት በ1.414 ተባዝቶ ሲሆን 424 ይመጣል። የአዮዳይድ ራዲየስ ደግሞ 220 ገደማ ስለሆነ ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ 440 ያስፈልጋቸው ነበር። አዮዳይዶቹ እርስ በርሳቸው ተገፋፍተዋል ማለት ነው። ትንሹ ሊቲየም በመካከላቸው በተረፈው ክፍተት ተቀምጧል፤ ወደ ፈለገው ያህል ሊጠጋቸው አልቻለም። በገበታ ጨው ውስጥ ተመሳሳዩ ስሌት 399 ሲሰጥ ሁለት ክሎራይዶች የሚፈልጉት 362 ብቻ ነው፤ ጭንቅንቅ የለም።

ትምህርቱ ከሊቲየም ያልፋል። «ትንሽ አዮን ጥብቅ ክሪስታል ይሠራል» የሚለው አባባል የሁለቱን አዮኖች ተመጣጣኝነት ይዘነጋል። ካታዮኑ (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን) ከአናዮኑ አንጻር ከልክ በላይ ሲያንስ፣ ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው አናዮኖች ሲገፋፉ መቆየታቸው ክሪስታሉን ያላላዋል።

የላቲስ ኢነርጂ ያልመለሰው

ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ ጠንካራ መሣሪያ ይሸጋገራሉ፤ ወደ ላቲስ ኢነርጂ። አንድ ሞል ክሪስታል ሙሉ በሙሉ ተበትኖ አዮኖቹ በጋዝነት እንዲራራቁ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ነው። በ1919 ማክስ ቦርንና ፍሪትዝ ሃበር ይህን መጠን ከሚለኩ ሙቀቶች የሚያሰሉበትን ዑደት ካወጡ ወዲህ ቁጥሮቹ በየመማሪያ መጽሐፉ ሰፍረዋል። የገበታ ጨው 787 ኪሎጁል በሞል፣ ማግኒዚየም ኦክሳይድ 3,800 ገደማ ነው። ላቲስ ኢነርጂው የበለጠው ዘግይቶ ይቀልጣል የሚለው አስተሳሰብ የመጠንና የቻርጅ ሕግ በቁጥር የተጻፈበት መልክ ነው።

ይህንን አስተሳሰብ ለመፈተን ሁለት ጉዳዮች ይበቃሉ። የመጀመሪያው የብር ክሎራይድ ነው። መዋቅሩ እንደ ገበታ ጨው፣ በአዮኖቹ መካከል ያለው ርቀት 277 ፒኮሜትር ሲሆን የጨው 282 ነው። ከልኬት የተገኘው ላቲስ ኢነርጂው 910 ኪሎጁል አካባቢ ስለሆነ ከጨው ይበልጣል። የሚቀልጠው ግን በ455 ዲግሪ ነው፤ ከጨው ወደ 350 ዲግሪ ዝቅ ብሎ። ሁለተኛው የሁለተኛው ምድብ ክሎራይዶች ሰልፍ ነው። ማግኒዚየም ክሎራይድ 714፣ ካልሲየም 775፣ ስትሮንቲየም 874፣ ባሪየም 962 ዲግሪ። ካታዮኑ በተለቀ ቁጥር ላቲስ ኢነርጂው ከ2,500 ወደ 2,050 ገደማ ይወርዳል፤ የመቅለጫ ነጥቡ ግን ወደ ላይ ይወጣል። ያው ምድብ በኦክሳይድ ሲወርድ በክሎራይድ ይወጣል።

ምክንያቱ ላቲስ ኢነርጂ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ መሆኑ ነው። እርሱ ጠጣርን ከጋዝ ጋር ያወዳድራል፤ መቅለጥ ግን ጠጣርን ከፈሳሽ ጋር ነው። በሠርግ ዳስ ውስጥ በረድፍ የተቀመጡ እንግዶች ለጭፈራ ሲነሱ ረድፉ ይፈርሳል እንጂ ዳሱ አይለቀቅም፤ አሁንም ትከሻ ለትከሻ ናቸው። የቀለጠ ጨውም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ሶዲየም በክሎራይዶች፣ እያንዳንዱ ክሎራይድም በሶዲየሞች እንደተከበበ ይቆያል፤ የጠፋው የረድፉ ሥርዓት ነው። የገበታ ጨውን ለማቅለጥ የሚያስፈልገው 28 ኪሎጁል በሞል ብቻ መሆኑ ይህንኑ ይመሰክራል፤ ከላቲስ ኢነርጂው አራት በመቶ እንኳ አይሞላም። ትልቁን ቁጥር ይዞ ትንሹን ለመተንበይ መሞከር አንዳንዴ ይሳካል፤ ዋስትና ግን የለውም።

የፋያንስ መንገድ

የብር ክሎራይድንና የማግኒዚየም ክሎራይድን ጠባይ ለማስረዳት ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ኬሚስቱ ካዚሚየርዝ ፋያንስ ነው። በ1923 ያቀረባቸው ሕጎች እንደሚሉት ትንሽና ከፍተኛ ቻርጅ ያለው ካታዮን የትልቅ አናዮንን የኤሌክትሮን ደመና ወደ ራሱ ይስባል፤ ደመናው ሲጎተት ትስስሩ ከንጹሕ አዮናዊነት ወደ ኮቫለንትነት ያዘነብላል። እንደ ብር ያሉ፣ ውጫዊ ቅርፊታቸው አሥራ ስምንት ኤሌክትሮን የያዘ ካታዮኖችም ከእኩዮቻቸው የበለጠ ይስባሉ።

በዚህ መነጽር ሲታይ ብዙ ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። አሉሚኒየም ፍሎራይድ 1,290 ዲግሪ አካባቢ ሳይቀልጥ ሲተን፣ አሉሚኒየም ክሎራይድ በግፊት ተይዞ በ192 ዲግሪ ይቀልጣል። ልዩነቱ አናዮኑ ነው፤ ጠባቡ ፍሎራይድ በቀላሉ አይጎተትም፣ ሰፊው ክሎራይድ ይጎተታል። የአንድ ብረት ቻርጅ ሲጨምርም የመቅለጫ ነጥቡ በሕጉ ተቃራኒ ይወርዳል። የብረት ሁለት ክሎራይድ 677 ሲሆን የብረት ሦስት ክሎራይድ 307 ገደማ ነው። የቆርቆሮ ሁለት ክሎራይድ 247 ዲግሪ ሲሆን የቆርቆሮ አራት ክሎራይድ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ማለትም በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው።

ማስረጃው የበረከተ ቢሆንም ማብራሪያው በተለምዶ በሚነገርበት መልኩ ጎደሎ ነው። «ኮቫለንትነት ስላለው ደካማ ነው» ይባላል። ኮቫለንት ትስስር ግን በራሱ ደካማ አይደለም፤ አልማዝ ምስክር ነው። የብር ክሎራይድ ላቲስ ኢነርጂ ከጨው የበለጠውም ኮቫለንትነቱ ትስስሩን ስላጠናከረው ነው። ታዲያ ጠንክሮ እያለ ለምን ቶሎ ቀለጠ? መልሱ ያለው በፈሳሹ ዘንድ ነው።

ከቀለጠ በኋላ ያለው

ለማንኛውም ውህድ የመቅለጫ ነጥብ በኬልቪን ሲሰላ፣ የማቅለጫው ሙቀት በሚቀልጥበት ጊዜ ለሚጨምረው ኢንትሮፒ ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ከሁሉም በላይ መያዝ ያለበት ቀመር ይህ ነው። የመቅለጫ ነጥብ ሊወርድ የሚችለው በሁለት መንገድ መሆኑን ይናገራል፤ ወይ ማቅለጫው ሙቀት ሲያንስ፣ ወይ ፈሳሹ ከጠጣሩ አንጻር እጅግ ልቅ ሲሆን።

አሉሚኒየም ክሎራይድ ለሁለተኛው መንገድ ድንቅ ምሳሌ ነው። አንድ ሞሉን ለማቅለጥ 35 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ከገበታ ጨው 28 ይበልጣል። ሆኖም ከጨው 600 ዲግሪ ቀድሞ ይቀልጣል። በጠጣሩ ውስጥ እያንዳንዱ አሉሚኒየም በስድስት ክሎራይዶች ተከብቦ በንብርብር ተደርድሯል። ሲቀልጥ ይህ ሁሉ ፈርሶ፣ ሁለት አሉሚኒየምና ስድስት ክሎራይድ የያዙ የየብቻቸው ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ፤ እያንዳንዱ አሉሚኒየም አሁን አራት ጎረቤት ብቻ አለው። ይዘቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቻርጅ የያዘ ነገር በነጻ ስለማይዘዋወርበትም ፈሳሹ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም፤ የቀለጠ ጨው ግን በደንብ ያስተላልፋል። ስሌቱን ብንሠራው የኢንትሮፒው ጭማሪ ለጨው 26፣ ለአሉሚኒየም ክሎራይድ 76 ጁል በሞል በኬልቪን ገደማ ይወጣል። ውህዱን ያስቀደመው የክሪስታሉ ድክመት አይደለም፤ የፈሳሹ ማራኪነት ነው።

ብር ክሎራይድ የመጀመሪያውን መንገድ ይከተላል። ማቅለጫ ሙቀቱ 13 ኪሎጁል በሞል ብቻ ነው፤ ከጨው ግማሽ አይሞላም። ጠጣሩን ያጠነከረው ኮቫለንት ዝንባሌ ፈሳሹንም አጠንክሮታልና በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠበበ። ቁጥሩ ራሱ ይበቃል፦ 13 ለ28።

የሁለተኛው ምድብ ክሎራይዶች ግልብጥ ሰልፍም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። መዋቅራቸው አንድ አይደለም። ቤሪሊየም ክሎራይድ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ 400 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ማግኒዚየም ክሎራይድ ንብርብር ነው። ስትሮንቲየምና ባሪየም ክሎራይድ ግን በሁሉም አቅጣጫ የተሳሰረ መዋቅር አላቸው። በማግኒዚየም ክሎራይድ ንብርብሮች መካከል ክሎራይድ ከክሎራይድ ጋር ፊት ለፊት ስለሚገጣጠም እዚያ ያለው መሳሳብ ደካማ ነው። መዋቅራቸው የተለያየ ውህዶችን በመጠን ብቻ መደርደር መነሻውም ስህተት ነው።

ቅርጽ ያላቸው አዮኖችና ድብልቆች

እስካሁን ያየናቸው አዮኖች ክብ ነበሩ። አናዮኑ እንደ ናይትሬት የራሱ ቅርጽ ያለው ሲሆን የመቅለጫ ነጥቡ በጣም ይወርዳል። ሶዲየም ናይትሬት 308፣ ፖታሲየም ናይትሬት 334 ዲግሪ ላይ ይቀልጣሉ። ሰፊና ጠፍጣፋ አዮን ቻርጁን በብዙ አቶሞች ላይ ያሰራጫል፤ ሲሞቅም በቦታው መዞር ይጀምራል። ሁለቱን 60 በ40 ቀላቅሎ እስከ 565 ዲግሪ በማሞቅ የፀሐይን ሙቀት ለሌሊት የሚያቆዩ የኃይል ማመንጫዎች አሉ። መንገዱ ወደ መጨረሻው ሲገፋ ኢትል አሞኒየም ናይትሬት ላይ ይደርሳል፤ ፖል ዋልደን በ1914 እንደዘገበው በ12 ዲግሪ ይቀልጣል። ዛሬ ከ100 ዲግሪ በታች የሚቀልጡ ጨዎች «አዮናዊ ፈሳሾች» ተብለው ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆነዋል። ከላይ ባየነው ቀመር ሲታዩ እንግዳ አይደሉም፤ የማይመጣጠኑና ሲደረደሩ የማይገጥሙ አዮኖች ማቅለጫ ሙቀቱን ያሳንሱታል።

ድብልቅ የመቅለጫ ነጥብን እንደሚያወርድ ኢንዱስትሪው ከቲዎሪው እኩል ያውቀዋል። አሉሚና (አሉሚኒየም ኦክሳይድ) በ2,072 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በቀጥታ አቅልጦ አሉሚኒየም ማውጣት አያዋጣም። በ1886 አሜሪካዊው ቻርልስ ማርቲን ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ ሳይተዋወቁ ያገኙት መላ አሉሚናውን በቀለጠ ክራዮላይት ውስጥ ማሟሟት ነበር፤ መታጠቢያው በ960 ዲግሪ ገደማ ይሠራል። ሶዲየም ብረት በሚመረትበት ዳውንስ ሴልም ጨው ላይ ካልሲየም ክሎራይድ ጨምረው ከ801 ወደ 600 ገደማ ያወርዱታል።

አሃዙን ከማመን በፊት

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። በሠንጠረዥ የሰፈረ ቁጥር ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አይናገርም። ውሃ አልባው ካልሲየም ክሎራይድ በ775 ሲቀልጥ፣ ስድስት ውሃ የያዘው በ30 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ያኔ የሚሆነው ጨው በራሱ ውሃ ውስጥ መሟሟት ነው። ካልሲየም ካርቦኔት በተለመደው የአየር ግፊት አይቀልጥም፤ ከዚያ አስቀድሞ ጋዙን ለቅቆ ኖራ ይሆናል። የኖራ ምድጃዎች የሚሠሩት በዚህ ነው። በሺዎች ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ መለካቱ ራሱ ከባድ ስለሆነ ለማግኒዚየም ኦክሳይድ አንዱ መጽሐፍ 2,825፣ ሌላው 2,852 ይጽፋል። በሃያና ሠላሳ ዲግሪ የሚለያዩ ሁለት ውህዶችን ይዞ ጥልቅ ምክንያት መፈለግ ብዙ ጊዜ የልኬትን ስህተት እንደ ሳይንስ መተርጎም ነው።

ሚዛኑ

እንግዲህ የመቅለጫ ነጥቦችን ለማወዳደር የተሻለው ቅደም ተከተል የትኛው ነው? በመጀመሪያ ውህዶቹ በእርግጥ የሚቀልጡ መሆናቸውን፣ ሳይፈራርሱና ሳይተኑ ፈሳሽ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛ፣ መዋቅራቸው አንድ መሆኑን ማየት። ሦስተኛ፣ ካታዮኑ አናዮኑን የሚጎትት ዓይነት መሆን አለመሆኑን፣ በተለይ አናዮኑ ትልቅ ሲሆን መመዘን። እነዚህን ያለፈ ጥንድ ብቻ ለቻርጅና ለመጠን ሕግ ይገባዋል። በእርሱም ውስጥ የሊቲየምን ዓይነት ያልተመጣጠነ ጥንድ መለየት ያሻል።

ይህ ማለት የተለመደው ሕግ ይጣል ማለት አይደለም። ሕጉ የተሠራበት ግቢ ሰፊ ነው፤ ኦክሳይዶችንና ፍሎራይዶችን፣ አብዛኞቹን የአልካሊ ሃላይዶች ያጠቃልላል። የሚጎድለው የአጥሩ ምልክት ነው። ፈተና አዘጋጅ ማግኒዚየም ክሎራይድንና ሶዲየም ክሎራይድን ጎን ለጎን አቅርቦ በቻርጅ ብቻ እንዲደረደሩ ሲጠይቅ፣ ላቦራቶሪ የሚክደውን መልስ እያስጠና ነው። ጥያቄው «ከፍተኛው የቱ ነው?» ከሚል ይልቅ «ሕጉ ለየትኛው ጥንድ ይሠራል፣ ለየትኛው አይሠራም፣ ለምን?» ቢል ያው ተማሪ በዚያው እውቀት ከዚያ የተሻለ ኬሚስትሪ ይሠራል። የመቅለጫ ነጥብ የክሪስታል ጥንካሬ ሜዳሊያ አይደለም፤ ጠጣሩና ፈሳሹ እኩል የሚሆኑበት ሙቀት ነው። ስለ ፈሳሹ አንዳች ሳይናገር የሚያበቃ ማብራሪያ ቁጥሩ ቢሳካለትም ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።